ስሟ ያልተጻፈው ሸክላ ሠሪ

በአንድ ወቅት፣ በአንድ የወንዝ ዳር መንደር ያሉ ሽማግሌዎች አንድ ጋቢ ገዝተው ለማን እንደሚያለብሱት ግራ ገብቷቸው ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው።

ከመንደሩ በላይ ያለው ቆዳ ፋብሪካ ቆሻሻውን ወንዙ ውስጥ ይለቃል። ከብቱ ያልቃል፤ ሴቶቹ ጽንስ ይጨነግፍባቸዋል። ሰዉ አቤት ሲል «ማስረጃ አምጡ» ይባላል።

ማስረጃውን ያመጣው የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ዶክተር መርዕድ ነው። ክረምት ከበጋ ውሃውን እየቀዳ መረመረ፤ ቤት ለቤት እየዞረ ሴቶቹን ጠየቀ። ሸክላ ሠሪዋ ዘርትሁን ግን አልናገርም አለች። «ስምዎ የትም አይጻፍም» ብሎ ማለላት። ያኔ ለባሏ እንኳ ያልነገረችውን ነገረችው፤ ሁለት ጊዜ ጽንስ ጨንግፎባታል።

መርዕድ መሐላውን ጠበቀ፤ ስሟን አልጻፈም። «አንዲት ሸክላ ሠሪ» ብሎ ብቻ ጻፈ። ጭቃውን በዚያ ውሃ ስታቦካ ስለምትውል፣ ሥራዋ ካልተጠቀሰ ጥናቱ ጉልበት አይኖረውም። በመንደሩ ከእሷ ሌላ ሸክላ ሠሪ እንደሌለ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ስም እስካልተጻፈ ድረስ ሰው የተደበቀ ይመስለዋል፤ የተማረ ሰው ሞኝነት እንዲህ ነው።

ጥናቱን ፍርድ ቤት ያደረሰችው የመንደሩ ጠበቃ ምንትዋብ ነች። የፋብሪካው ሰዎች «ፈጠራ ነው! የታለች ይህቺ ሸክላ ሠሪ?» ብለው ሲሳለቁ፣ «አንዲት ሸክላ ሠሪ ሁለት ጊዜ ጽንስ ጨንግፎባታል» የሚለውን ገጽ ገልጣ ጮክ ብላ አነበበችው። ዘርትሁንን አላስፈቀደችም። ችሎቱን የሞላው የመንደሩ ሰው ሁሉ ዞሮ ዘርትሁንን አያት። ባሏም አያት።

«እኔ አይደለሁም» ብትል ማን ያስገድዳታል? ጥናቱ ግን ውሸት ሆኖ ይቀር ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

«እኔ ነኝ» አለች።

ፋብሪካው ተፈረደበት፤ ወንዙም ጠራ። ባሏ ግን «ለባዕድ የነገርሽውን ከእኔ ደበቅሽ» ብሎ ልብሱን ጠቅልሎ ከቤት ወጣ።

በምስጋናው ቀን አያ ደምስ የተባሉት ሽማግሌ ጋቢውን መርዕድ ትከሻ ላይ ሊጥሉ ቀረቡ። መርዕድ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«አይ አባቴ፣ የሚገባው ለእሷ ነው» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

«ለእኔ?» አለች ዘርትሁን። «ገመናዬን አደባባይ አውጥታችሁ በጋቢ ልትሸፍኑልኝ ነው? እኔ ፈቅጄ አልተነሳሁም። መውጫ ስታሳጡኝ ነው የተነሳሁት።»

«እውነቷን ነው» አለች ምንትዋብ። «ብጠይቃት እምቢ እንደምትል አውቅ ነበር፤ ለዚህ ነው ያልጠየቅኋት። እምቢ ብትል ግን ዛሬም ያንኑ መርዝ ነበር የምትጠጡት።»

መርዕድ «ሥራዋን ባልጽፍ ማን ያምነኝ ነበር?» ሊል ቃጣውና አፈረ። ይቅርታ ሊጠይቃትም ከጀለ። እሱን ደግሞ ሰው ሁሉ ፊት ማለቱ ሌላ ገመና ማውጣት መሰለውና ተወው።

አያ ደምስ ጋቢውን ክንዳቸው ላይ እንዳደረጉ ቆመው ቀሩ። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ፤ አንዱ ማስረጃውን ባያመጣ፣ አንዷ ባታነብ፣ አንዷ ብትክድ መንደሩ ባልዳነ ነበር። ጋቢው የማን ነው? እፍረቱስ የማን?