እፍኝ ምስር

አንድ ባለሱቅ ነበረ። አንተ የሦስት ሱፐርማርኬት ባለቤት ነህ፤ «ሥራ ፈላጊው በሬ ላይ ተሰልፎ ሳለ ደመወዝ ለምን እጨምራለሁ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። እንግዲያው አርፈህ ተቀመጥና ስማኝ።

ይህ ባለሱቅ ምስር፣ ሽሮና ሩዝ በኪሎ ይሸጥ ነበር። አንድ ጫኝ፣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ፣ ሚዛኑን የምትይዝ አያልነሽ የምትባል ሴትም ነበሩት። አያልነሽ አሥራ አንድ ዓመት መዘነችለት። የጤፍ ዋጋ ሰማይ ሲወጣ የእሷ ደመወዝ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ታዲያ መዝና በጨረሰች ቁጥር ከጠረጴዛው ሥር አንድ እፍኝ ታወጣና ለደንበኛዋ ምርቃት ትጨምራለች። ሰፈሩ የሚመጣው ለዚያች እፍኝ ነበር ብልህ አልዋሸሁህም።

አንድ ቀን ደፈር ብላ፣ «ጋሼ፣ የቤት ኪራይ አቃተኝ፤ ትንሽ ይጨምሩልኝ» አለችው።

ሰውየው ቱግ አለ። «ጭማሪ? በየቀኑ የምትበትኚው ምስር የማን ሆነና! ከዚህ ወር ጀምሮ ከደመወዝሽ ይቆረጣል።»

«ከጆንያዎ አልነካሁም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ከሰማይ ወረደልሽ?»

አያልነሽ ተቆርጦ የተሰጣትን የወሩን ደመወዝ ተቀበለች፤ ሽርጧን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች።

በቦታዋ በግማሽ ደመወዝ ሌላ ሴት ቀጠረ። ምርቃት ግን ቀረ። ደንበኞቹ መጡ፣ ጠየቁ፣ ከንፈራቸውን መጠጡና ወደ ማዶው ሱቅ ተሻገሩ። በሁለተኛው ወር አዲሷም ጥላው ሄደች፤ ሰውየው ራሱ ሚዛኑ ኋላ ቆመ።

ቆሞም እግሩ ሥር አየ። አያልነሽ ያነጠፈችው ጆንያ እንዳለ ነው፤ ወደ ሚዛን ሲዛቅ የሚፈሰው ምስር ሁሉ እዚያ ላይ ይወድቃል። ከጠረጴዛው ሥር ሰፌድና ጣሳ አገኘ። ነገሩ ገባው፤ ግን ማመን አቃተውና ራሱ ሊሞክረው ተቀመጠ። የፈሰሰውን ሰበሰበ፣ አበጠረ፣ ጠጠር ለቀመ። ወገቡ ተቆረጠ፣ ዓይኑ እንባ አዘለ፤ ከምሳ እስከ ማምሻ ለቅሞ ጣሳዋ አልሞላችም። አጀብ ነው! እሱ ጠርጎ በሚጥለው ምስር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስሙን ስታስጠራለት ኖራለች ለካ። ማንም አላዘዛትም፤ ማንም አልከፈላትም።

በማግስቱ ፈልጎ ፈልጎ ጉሊት ላይ አገኛት። መሬት ላይ ጥቂት ቲማቲም በመደብ ደርድራለች። አንዲት ገዢ ከፍላ ልትሄድ ስትል፣ አያልነሽ ከዚያችው ከጥቂቷ አንዷን አንሥታ ጨመረችላት። ሰውየው ይህን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እትዬ አያልነሽ፣ ይመለሱልኝ» አለ። «የቆረጥኩብዎትም ይመለሳል፤ ደመወዝዎን እርስዎ ይናገሩ።»

«የጫኙና የጽዳቷስ?» አለችው። «እነሱም እንደኔው ነው የኖሩት። ለእነሱም ከጨመሩ እመጣለሁ።»

ለሦስቱም ጨመረ። እሷም ተመለሰች፤ ሰፈሩም ተከትሏት መጣ።

አየህ ልጄ፣ ያ ሰው አንተ ነህ። እሱ ሱቁ በጆንያዎቹ የቆመ መስሎት ነበር፤ አንተም በመደርደሪያዎችህ መስሎሃል። በርህ ላይ የተሰለፉትን ስታይ ውስጥ የቆመችውን ሠራተኛህን ሳታያት ቀረህ። ነገ ጠዋት ሂድና በእሷ ቦታ ቁም፤ እግርህም ሥር ተመልከት። ስለ ደመወዝ የምንነጋገረው ከዚያ ስትመለስ ነው።