ከድንጋዩ ሥር

ተረት ተረት! «የላም በረት» ያላችሁ ቀረብ በሉ።

ትንሿ ጅረት፣ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ብላ ታመመች። ጎረቤቶቿም ሊጠይቋት መጡ። ወፊቱ ሳቢሳ ጎንበስ ብላ መልኳን አየችባትና፣ «ውይ፣ እንዴት ጠርተሻል! ምንም አልሆንሽም» አለቻት። ላም ጎንጨት አለችና፣ «ጣዕምሽ እንዳለ ነው፤ ድነሻል» አለቻት። እግረ መንገዷንም የዳርቻዋን ሣር እስከ ሥሩ ጋጠችው።

የጅረቷ ልብ ግን አላመነም። «አንቺስ ምን ትያለሽ፣ እማማ ሸርጣን?»

አሮጊቷ ሸርጣን አንድ ድንጋይ ገለጥ አድርጋ ሥሩን አየች። «መጥራቱንስ ጠርተሻል፣ ልጄ። ግን ከድንጋይሽ ሥር አንዲት ትል እንኳ የለችም። ጤነኛ ጅረት ትል አይጠፋባትም፤ ያንቺዎቹ ግን ጥላ የሚሆናቸው ሣር ሲያልቅ ጥለውሽ ሄደዋል።»

ላም አፏ ውስጥ የቀረውን ሣር መዋጥ አቃታት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግጦሿን ራቅ አደረገች።

ክረምቱ አልፎ ሣሩ ዳርቻውን ሲያለብሰው፣ ሸርጣን ያንኑ ድንጋይ ገለጠችው። ከሥሩ አንዲት ሚጢጢ ትል፣ «ኧረ ዝጉት! ልጆች ተኝተዋል!» ብላ ተቆጣች።

ሸርጣን ድንጋዩን ቀስ አድርጋ መለሰችና ወደ ጅረቷ ዞረች።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጄ።»