የአገዳው ወረቀት

ጥንታዊ ግንቧ ባልፈረሰ አንዲት ከተማ ሸህ ጧሃ የሚባሉ ወረቀት ሠሪ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። ለወረቀት ብለው ዛፍ አያስቆርጡም። ገበሬው አጭዶ የተወውን የማሽላ አገዳ በአመድ ውሃ ቀቅለው፣ ወቅጠው፣ በወንፊት ላይ አንጥፈው በፀሐይ ያደርቁታል። የከተማው ቁርኣን የሚገለበጠው በእሳቸው ወረቀት ላይ ነበር።

አገዳውን የምትሰበስብላቸው የልጃቸው ሚስት ረውዳ ናት። በአገሩ ልማድ ክምር ላይ እሾህ ከተጣለ ባለቤት አለው ማለት ነው። ረውዳ በመኸር ማብቂያ አንድ ክምር ላይ እሾህ አየች፤ ነፋስ ያመጣው መሰላትና ገፍታው አገዳውን ተሸከመች።

በጋው ጠንቶ፣ ወረቀቱ ለመስጊድ ሊሰጥ ሲል፣ ባሏ የሞተባት ሙሂባ እየጮኸች ገባች።

«ለላሜ ያስቀመጥኩትን አገዳ ወሰዳችሁብኝ! እሾህ የጣልኩት ለጌጥ መሰላችሁ?»

ረውዳ እሾሁን ነፋስ ያመጣው መስሏት እንደገፋችው ተናገረች። ሸሁ ወረቀቱን በሙሉ አንስተው ሙሂባ ፊት አኖሩት።

«ባንቺ አገዳ የተሠራ ነው፤ ያንቺ ነው። አፉ በይን፤ ይቅር በይን።»

«ምን ላድርገው? ላሜ ወረቀት አትበላም!» አለችና ሳታስበው ሳቀች። ወረቀቱን በእጇ ዳሰሰችው። «በሉ ቁርኣን ይጻፍበት። አፉ ብያለሁ፣ አባቴ።»

ሙሂባ ስትወጣ ረውዳ እፎይ አለች። አማቷ ግን ለበቅሏቸው ያከማቹትን ድርቆሽ ማሰር ጀመሩ።

«አባ፣ ምን እያደረጉ ነው? በቅሎዋስ?»

«ወንድሜ ዘንድ ትክረም። እኔ በእግሬ እሄዳለሁ።»

«በዚህ ጉልበትዎ? አፉ ብላን የለም እንዴ? ደግሞ ወላሂ፣ ኒያዬ ክፉ አልነበረም።»

«ኒያሽን አላህ ያውቀዋል።»

«ታዲያ ምን ቀረ?» ረውዳ ግራ ገብቷት ልታለቅስ ደረሰች።

ሸህ ጧሃ የድርቆሹን ማሰሪያ አጠበቁ።

«ሙሂባ አፉ ብላለች፤ ላሟ ግን ገና አልበላችም።»

እኛ «አፉ» ስንባል ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። የበደልነው ሰው ቤት ምን እንደጎደለ ተመልሰን አናይም። ሥራችን መልካም ሲሆን ደግሞ ይብስብናል። ዛፍ ካዳንን፣ ቁርኣን ካስጻፍን፣ ከማን ጉሮሮ እንደነጠቅን መጠየቅ ለምን ያስፈልገናል?

ረውዳ ድርቆሹን ተሸክማ አማቷን ስትከተል ይህ ገብቷት ነበር ለማለት አልደፍርም። እኛም፣ እድሜ ጠግበንም፣ ገና አልገባንም።