ባዶ አህያ ያለፈበት መንገድ

አንድ ሀብታም ሰው ነበረ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ ቃለአብ፤ ክላስተርህ፣ ያ እርስ በርሱ የተያያዘው የሰርቨር ስብስብ፣ የትም አይሄድም፤ መጀመሪያ ይህን ስማ።

ሀብታሙ አንድ ጎተራ በቆላ፣ አንድ ጎተራ በደጋ ነበረው። እህሉን የሚያመላልስለት ቤት ሙሉ ልጅ የሚያሳድግ፣ ከዚህ ሌላ እንጀራ የሌለው አህያ ነጂ ነበር። ክረምት ሲገባ ሀብታሙ «እህሌ እንዳይበሰብስ ጆንያው ሁሉ በቆዳ ይጠቅለል» ብሎ አዘዘ። ደግ ትእዛዝ ነው፣ ማን ይነቅፈዋል? ከዚያ ወዲህ ግን እህሉ ደጋ አልደርስ አለ።

ነጂው «ጌታዬ፣ ጭነቱ ያው የድሮው እህል ነው፤ አህዮቹ ግን ቋጥኙ መካከል ካለው ጠባብ መተላለፊያ ሲደርሱ ይገተራሉ። ብመታም ብለምንም እምቢ አሉኝ» አለ። ሀብታሙ አሽከሩን ላከ። አሽከሩ ባዶ አህያ እየነዳ ሄዶ ተመለሰና «መንገዱ ሰላም ነው» አለ። በቃ! ነጂው ሰነፍና ዋሾ ተባለ፤ ልጆቹን ይዞ ከመሬቱ እንዲወጣ ታዘዘ። ምስኪኑ እውነቱን ይዞ የሚያምነው አጣ፤ ኋላማ ራሱንም መጠራጠር ጀመረ።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ። እኚህን ሰው እንዴት እንደምወዳቸው! አልፈረዱም፣ አልመከሩም። ጋቢያቸውን አውልቀው «ያንኑ አህያ ከነጭነቱ አምጣልኝ» አሉ። በዚያ ዕድሜያቸው በቆዳ የተጠቀለለውን ጆንያ አብረውት ጫኑና በጭቃው አቀበቱን ወጡ። መተላለፊያው ጋ አህያው ቆመ። አልመቱትም፤ ጎንበስ ብለው ጎኑን አዩ። ቆዳው በግራም በቀኝም ቋጥኙን ነክቷል። ቆዳውን ፈቱለት፤ አህያው እልፍ አለ። ነጂው እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

ሽማግሌው ለሀብታሙ «ቆዳው ይኑር፣ ጆንያው ይነስ» አሉት። ሀብታሙ አፈረ፤ ነጂውንም ይቅርታ ጠይቆ ወደ ሥራው መለሰው።

አንተስ ምን ነበር ያልከኝ? «ትንሿ የሙከራ መልእክት፣ ፒንጓ፣ ከሰርቨር ሰርቨር ታልፋለች፤ ትልቁ ፋይል ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ጥፋቱ ፋይሉን የሚልከውን ፕሮግራም የጻፈችው ልጅ ነው ብዬ ለአለቃዬ ልንገር?» አይደል? ፒንግህ ባዶ አህያ ናት፣ የኔ ልጅ። ክላስተርህ መልእክቱን ሁሉ በሌላ ሽፋን እንደሚጠቀልል ረሳኸው፤ ቆዳው እሱ ነው፤ ትልቁ ጭነት ሽፋኑ ሲጨመርበት ከመተላለፊያው ልክ በላይ ይሆናል። ሂድና እሷ የምትልከውን ያንኑ ጭነት፣ እሷ ከምትልክበት ቦታ ተነሥተህ ላክ። ከዚያ በኋላ የምትከሰው ሰው ከተረፈህ፣ ያኔ እንነጋገራለን።