ተቆልሎ ይሰፈር፣ ተደልድሎ ይሰፈር

ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው መሬት ይመስላልና፣ ፊደልም የሳትኩበት ይኖራልና ይቅር በሉኝ። ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩት እንደምንም ነው። ሰው ፊት ቆሜ ማውራት ስለማልችል ተረቱን ጻፍኩት። «እሺ፣ ንገሪን» በሉኝ። ባትሉኝም ጀምሬያለሁ።

ዱሮ፣ እንስሳት እህላቸውን አንድ ላይ በሚያኖሩበት ዘመን፣ አንድ ትልቅ የእህል ጉድጓድ ነበር። በመኸር ሁሉም የለቀመውን ያስገባል፤ ጉድጓዱ በድንጋይ ይከደናል። ክረምት ገብቶ ምድሩ ባዶ ሲሆን ድንጋዩ ይነሳል፣ ቁና ይሰፍራል፣ ሁሉም ድርሻውን ይወስዳል። ድንጋዩ የሚነሳው ግን ሸንጎው በአንድ ቃል ሲስማማ ብቻ ነው።

ከገደሉ ሥር የሚኖሩት ቆቆች ወደ ሸንጎው የላኩት እመት ውዲቱን ነበር። ድምጿ ከሁሉም ይጎላል ብለው መረጧት። እሷም በዚህ ትኮራ ነበር።

ያን ዓመት ክረምቱ ከፋ። ሸንጎው ተቀመጠ።

«ቁናው ተቆልሎ ይሰፈር!» አለ አያ ከርከሮ።

«ተደልድሎ ይሰፈር!» አለች እመት ጃርት። «ከተቆለለ ለዘር የሚተርፍ የለም።»

«አንቺ እሾህሽን ብትሰፍሪ ይሻልሻል!»

«አንተስ አፍንጫህ ጉድጓዱ ውስጥ ካልገባ መች ታርፋለህ!»

ድንጋዩም «እኔ አንድ ቃል ካልሰማሁ አልነሳም» አለ። አልተነሳም።

ውዲቱ ለወገኖቿ ወሬ ልታደርስ ተነሳች። ገደሉ ጠርዝ ላይ ቆም አለች፤ አንገቷን ቀና አድርጋ ዋጥ አደረገችና ወረደች።

«ወገኖቼ» አለች፣ «ሸንጎው እየመከረ ነው። ጥቂት ታገሱ።»

«እንታገሳለን» አሉ ቆቆቹ።

የእህቷ የእናኑ ትንሿ ጫጩት እየተንገዳገደች መጣች። «አክስቴ፣ ምን አመጣሽልኝ?»

«ነገ፣ የኔ ጌጥ።»

ዝናቡ ቀጠለ። ከርከሮ «ይቆለል» አለ፣ ጃርት «ይደልደል» አለች። ውዲቱ እንደገና ልትነግራቸው ሄደች። ጠርዙ ላይ ቆም አለች፤ አንገቷን ቀና አድርጋ ዋጥ አደረገችና ወረደች።

«ወገኖቼ፣ ለመስማማት ተቃርበዋል። ጥቂት ታገሱ።»

አሁን «እንታገሳለን» ያለ የለም። አያ ደምሌ የሚባለው ሽማግሌ ቆቅ ብቻ ዙሪያዋን ዞሮ አያት።

«ውዲቱ፣ ወፈርሽ እንዴ?»

«ላባዬ ነው፣ አያ ደምሌ። ብርድ ላባ ይነፋል።»

«እኛንም እኮ ይበርደናል» አለ ሽማግሌው።

ጫጩቷ መቆም ስላቃታት ከእናቷ ክንፍ ሥር ሆና ነበር የጠየቀችው። «አክስቴ፣ ምን አመጣሽልኝ?»

«ነገ፣ የኔ ጌጥ። ነገ።»

ውዲቱ ወደ ሸንጎው ተመለሰች። እዚያ አንድ የአባቶች ሥርዓት ነበር፤ የተራበ ዳኛ ፍርድ ያጣምማል ተብሎ፣ ለተሰብሳቢዎች ቀለብ የሚሆን ጎታ ከጉድጓዱ ጎን ቆሟል። ጎታው ድንጋይ አልተጫነበትም። ጠዋት ቁርሳቸውን ሲበሉ ቁና አንገቱን ወደ ውዲቱ አዘነበለ።

«እመት ውዲቱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የእናንተን ቀለብ በየማለዳው የምሰፍረው እኔ ነኝ። ለእናንተ ስሰፍር፣ ተቆልዬ ነው ተደልድዬ ብሎ የጠየቀኝ አለ?»

«የለም» አለች ውዲቱ።

«ተቆልዬ ነው» አለ ቁና።

ውዲቱ ዞር ብላ ሸንጎውን አየች። ከርከሮ አፉን እየጠረገ ነው። ጃርት «ዛሬ ዝናቡ ከብዷል፤ ነገሩ ለነገ ይደር» አለች። ከርከሮም «ይደር» አለ። ያን ክረምት ሁለቱ የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

ውዲቱ ለሦስተኛ ጊዜ ሄደች። ጠርዙ ላይ ቆም አለች። ዋጥ አላደረገችም። ዝም ብላ ወረደች።

ማንም ወሬ አልጠየቃትም። እናኑ ክንፏን ገለጥ አደረገች። ጫጩቷ ሥሯ ተኝታለች። ላባዋ በውሃ ተጣብቋል፤ አትተነፍስም።

«ነጋ፣ እታለም» አለች እናኑ። «ነገ ያልሻት ቀን ነጋ።»

ውዲቱ ልትመልስላት አፏን ከፈተች። ከአፏ አንዲት የማሽላ ፍሬ ጠብ አለች። ሁሉም አዩዋት። ያ ሁሉ የተራበ ቆቅ ቆሞ ሳለ ፍሬዋን የለቀማት አልነበረም።

«ከየት አመጣሽው?» አለ አያ ደምሌ።

ውዲቱ ያ ጎላ ያለ ድምጿ ጠፍቶ፣ ለማንም ነግራ የማታውቀውን በሹክሹክታ ተናገረች።

«ሸንጎ የተቀመጥነው አልተራብንም። በየማለዳው እንበላለን። ወደዚህ በመጣሁ ቁጥር ለዚህች ልጅ አንዲት ፍሬ በአፌ ይዤ ነው የምነሳው። ጠርዙ ላይ ስደርስ ግን ከየት አመጣሽው እንዳትሉኝ እፈራለሁ። ፈርቼ እውጣታለሁ።»

የጠገበ ሸንጎ ለነገ ይቀጥራል፤ የተራበ ልጅ ነገን አያይም።