የአስረበብ ላፕቶፕና የዋንዛው ጥላ

መርሳ ውስጥ፣ ፍርድ ቤቱ አካባቢ፣ ሰው ያለውን ዕቃ አማርሮ ለመጣል ሲቸኩል የሚተርቱባት አንዲት አባባል አለች። የሰማት ሁሉ ድሮ አንድ አራሽ ማሳው ላይ ቆሞ የተናገራት ይመስለዋል። ነገሩ ሲሆን የነበሩት ግን አባባሏ የመጣችው በአስረበብ ላፕቶፕ ሰበብ መሆኑን ያውቃሉ።

አስረበብ አቤቱታ ጸሐፊ ናት። ባለጉዳይ የሆዱን ይነግራታል፤ እሷ ፍሬውን ከገለባው ለይታ ዳኛ በሚገባው ቋንቋ ታሰፍርለታለች። በአሥራ ሁለት ዓመት ሥራዋ ከጸሐፊዎቹ ሁሉ የተሻለውን ቦታ ይዛለች፤ ከበሩ አጠገብ፣ ዋንዛው ሥር። የቀትር ፀሐይ ሌሎቹን በቆርቆሮ ዳሳቸው ውስጥ እንደ ቆሎ ሲያምሳቸው እሷ ነፋሻ ጥላ ውስጥ ትሠራለች። ከግቢው የሚወጣ ሰውም መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው።

የሚያቃጥላት ላፕቶፗ ብቻ ነበር። ሰባት ዓመት አገልግሏል። ጠዋት ከፍታው ጎረቤቶቿን ሁሉ ሰላም ብላ፣ የልጆቻቸውን ጤና ጠይቃ ስትመለስ ገና ያችን ክብ ምልክት ሲያሽከረክር ታገኘዋለች። ሁለት ጽሑፍ አንድ ላይ ከከፈተችበት ደግሞ ጭራሽ ይፈዛል።

ከመንገዱ ማዶ ኮምፒውተር የሚጠግነው እንድሪስ አንድ ቀን ጆሮውን ወደ ዕቃው አስጠግቶ አዳመጠና፣ "እትዬ አስረበብ፣ ይሄ ጤነኛ ነው" አላት። "ብዙ ሥራ አንድ ላይ የሚይዝበት ራም አንሶት ነው። ለተጨማሪ ራም ባዶ ቦታ አለው፣ እዚያ ላይ ልሰካለት። ይሄን የሚንቋቋ ሃርድ ዲስክም አንስቼ በፈጣኑ ማስቀመጫ፣ በኤስኤስዲ ልተካው። ግማሽ ቀን ብቻ ይተዉልኝ።"

"ሆዱን ልትቀድልኝ?"

"ብሎን ነው የምፈታው።"

"የስንት ሰው ምስጢር ያለበት ዕቃ ነው፣ እንድሪስ። ደግሞም ያረጀ አርጅቷል። ምን ቢያጎርሱት አይሮጥም።"

እንድሪስ አልተከራከራትም። ይህን ሁሉ ግን ወረቀት ሊበደር መጥቶ ከዋንዛው ጀርባ የቆመው ቢያድግልኝ ሰማ። ቢያድግልኝም ጸሐፊ ነው፤ ቦታው ከሰልፉ መጨረሻ፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ከማትለቀው ጥግ ላይ ነበር። አማቹ ከአዲስ አበባ ያመጣለት ብርማ ላፕቶፕ አለው፤ እንደ ሰርቪስ ትሪ የሳሳ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ። በማግስቱ ያን ይዞ መጣ።

"አስርዬ፣ እንለዋወጥ።"

"ምን በምን?"

"ላፕቶፕ በላፕቶፕ። የእኔ አዲስ ስለሆነ ቦታሽን ትመርቂልኛለሽ።"

አስረበብ ብርማውን ተቀብላ ከፈተችው። ወዲያው በራ። ጣቷን በጠርዙ ላይ አሳለፈች፤ ለስላሳ ነው። ባለጉዳይ እኔን ብሎ ከመጣ ጥግም ብቀመጥ ያገኘኛል ብላ አሰበች። ቀትር ሳይደርስ ወንበሯን አንስታ ፀሐዩ ውስጥ ገባች።

ፋይሎቿን እንዲያዛውርላት እንድሪስን ጠራችው። እሱ ትንሽ ሠርቶ ቀና አለ። "የዘንድሮውንና የአምናውን ብቻ ነው የሚችለው፣ እትዬ። ለቀረው ቦታ የለውም። የድሮውን በራስዎ የይለፍ ቃል ቆልፌ አሮጌው ዲስክ ላይ ልተወው?"

"ተወው፤ የድሮ ምን ያደርግልኛል" አለች። ያን ጊዜ መንቃት ነበረባት፤ ዓይኗ ግን ብርማው ላይ ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ሠርግ ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ማስረጃ ስካን አድርጋ ስትጨምርበት መጎተት ጀመረ። በሦስተኛው "ቦታ የለም" የሚል ጽሑፍ ያወጣባት ጀመር። ተሸክማው ወደ እንድሪስ ሮጠች።

"ለዚህም ራም ጨምርለት።"

እንድሪስ ገልብጦ አሳያት። "የዚህ ራም ከሰሌዳው ጋር ተበይዶ ነው የመጣው። ማስቀመጫውም እንደዚያው። ሲሠሩት ጀምሮ ይሄው ነው፤ የምጨምርበት ቦታ የለም።"

"የእኔውስ? ያ አሮጌው?"

እንድሪስ አንገቱን አከከ። ቢያድግልኝ በተለዋወጡ በሦስተኛው ቀን አምጥቶለት ነበር። ራሙን ጨምሮለታል፤ በሃርድ ዲስኩ ቦታ ኤስኤስዲ ገብቷል፤ አሮጌውን ዲስክም ሳይጥለው የሲዲ ማጫወቻው በነበረበት ሰክቶታል። "አሁን ቁልፉን ተጭነው እጅዎን ሳያነሱ ይከፈታል" አላት በቀስታ።

አስረበብ ብርማዋን ታቅፋ ወደ ጥጓ ተመለሰች። ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ ዋንዛው ላለማየት ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ መቀመጥ ጀመረች።

አንድ ሐሙስ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ አባ አሊጋዝ እያለከለኩ ደረሱ። የወንዝ ዳር የመስኖ ማሳ ያላቸው ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ጎረቤታቸው ድንበር ገፉብኝ ብሎ ከሷቸዋል፤ መልስ የሚያስገቡበት የመጨረሻው ቀን ያ ቀን ነበር።

"መኪና አጥቼ ነው የዘገየሁት፣ ልጄ" አሉ። "በሽማግሌ ስንታረቅ አንቺ የጻፍሽልን ውል አለ አይደል? ያ ነው ማስረጃዬ። የእኔን ግልባጭ ምስጥ በላብኝ።"

አስረበብ ውሉን አልረሳችውም። ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ ከተፈረመ በኋላም እንደ ልማዷ ስካን አድርጋ አስቀምጣዋለች። አሮጌው ዲስክ ላይ። ለጊዜው መልሱን ልጀምር ብላ ጣቷን አፈጠነች። አንድ ገጽ ተኩል እንደደረሰች ብርማው ቀጥ አለ። ብታጠፋው፣ ብታበራው፣ የጻፈችው የለም።

ሽማግሌው የግቢውን በር ያያሉ። ያ ማሳ ከሄደ ዘጠኝ ቤተሰብ የሚበላው እንደሌለ እሷም ታውቃለች። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች፤ ሰው ሁሉ እያያት እስከ ዋንዛው ሄደች።

"ቢያድግልኝ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ።"

ነገሩን በሁለት ቃል ነገረችው። ይስቅብኛል ብላ ነበር፤ እሱ ግን የጀመረውን ሥራ አስቀምጦ ተነሳና ወንበሩን በእጁ ጠረገላት። "ተቀመጪ" አላት።

የይለፍ ቃሏን አስገባች። የዓመታት ሥራዋ በአንድ ጊዜ ተዘረገፈ። ውሉ ተገኘ፤ ፊርማው፣ የሽማግሌዎቹ ስም፣ የድንበሩ ዛፎች ሳይቀሩ። መልሱን ስትጽፍ ውሉን ጎን ለጎን ከፍታ ነበር፤ ላፕቶፑ አንድም ጊዜ አላመነታም። ቢያድግልኝ ገጹን ከማተሚያው እየተቀበለ ያያይዛል። አባ አሊጋዝ መዝገብ ቤት ሲገቡ ለመዝጊያው ሰዓት ሃያ ደቂቃ ቀርቶ ነበር፤ ማኅተም የተመታበትን ቅጂ ይዘው ሲወጡ ፈገግታቸው ከሩቅ ይታያል።

አስረበብ ገና ከወንበሩ አልተነሳችም። እጇን ሞቅ ባለው ክዳን ላይ አድርጋ፣ "ይሄንን መልስልኝ" አለች።

"ላፕቶፑን? በሕይወቴ አልመልስም" አለ ቢያድግልኝ። "ቦታሽን ግን ውሰጂ። የመጣው ሁሉ 'አስረበብ የት ሄደች?' ይለኛል። ቀኑን ሙሉ በጣቴ ጥጉን ሳሳይ ክንዴ ዛለ። እኔ ከጎንሽ ትንሽ ጥላ ትበቃኛለች።"

መጀመሪያ እሷ ሳቀች፤ ከዚያ እሱም። ሳቃቸውን ሰምቶ እንድሪስ መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

"እንድሪስ፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ፈልግልኝ" አለችው። "ብሎኑ የሚፈታ ይሁን። ስትከፍተው ግን አጠገብህ ቆሜ አያለሁ።"

አባ አሊጋዝ የዋንዛው ሥር ላይ አረፍ ብለው ነበር። ነገሩ ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ሦስቱም እየተቀባበሉ ነገሯቸው። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አዳመጡና ወደ እንድሪስ ዞሩ።

"እንግዲህ ያ አሮጌው መጀመሪያውንም የጎደለው ይቺው የጨመርክለት ብቻ ነበረች?"

"ይቺው ብቻ ነበረች፣ አባ።"

አባ አሊጋዝ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱና አስረበብን እያዩ፣ "ይኸውልሽ ልጄ፣ በሬ ከመሸጥ ቀንበር መለወጥ" አሏት።