ምንሽርና ሦስቱ ጌጦቿ

«ልጄ፣ ጌጥ ሲያቀርቡልሽ፣ ያምርብኛል ወይ ከማለትሽ በፊት ማን ይሸከመዋል ብለሽ ጠይቂ።»

እንዲህ ያላት የጠረባት ሽማግሌ ነው። ያን ጊዜ ምንሽር ከወይራ ቁራጭ ገና መውጣቷ ነበር፤ ብናኟ እንኳ አልተራገፈም። ሽማግሌው ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በብርጭቆ ወረቀት እያሻሸ ነገራት። እሷም ሰማች። ሰማችና ረሳች። ልጅ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል።

እናንተ የምትሰሙኝ፣ እስኪ ቀረብ በሉ። የቆመ ይቀመጥ፣ የሚያወራ ዝም ይበል። ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ የሰው ጆሮ ግን እንደ ዛሬው የዕቃን ቋንቋ በማይሰማበት ዘመን፣ ሻምበል ይመኑ የሚባሉ ጡረተኛ ነበሩ። በወጣትነታቸው እውነተኛ ወታደር አዝዘዋል። ሲያረጁ ደግሞ ስንዝር የማይሞሉ የወታደር አሻንጉሊቶች ሰብስበው፣ በመደርደሪያ ላይ አሰልፈው ያዝዙ ነበር።

«ሻምበል፣ ጦሩ ዛሬ ምሳ ይበላል ወይስ ይጾማል?» ይላሉ ሚስታቸው ወይዘሮ ጥሩዬ።

«ጦሩ ይጾማል፤ አዛዡ ይበላል» ይላሉ ሻምበል።

በዚያ መደርደሪያ ላይ አንድ ሕግ ነበር። ሦስት ጊዜ የወደቀ ዘብ ይሰናበታል። የተሰናበተ ካርቶን ውስጥ ይገባል። ካርቶን የገባ ደግሞ ተመልሶ ብርሃን አይቶ አያውቅም።

ከሰልፉ ፊት የሚቆመው ዘብ አሥር አለቃ ጎሹ ነበር፤ ከጀሶ የተሠራ፣ ጥቂት የሚናገር፣ ብዙ የሚቆም። በቀኝ እጁ የሚይዛት ጠብመንጃ ምንሽር ናት። ቁመቷ ከሻምበል ጣት አይበልጥም፤ ቃታዋ ከሰሊጥ ፍሬ አትበልጥም። ጎሹን ትወደዋለች። ራሷን ግን ትንሽ አብልጣ ትወዳለች።

አንድ ሰሞን የሻምበል የድሮ ጓዶች እሑድ ቀን ጦሩን ሊጎበኙ እንደሚመጡ ላኩባቸው። ሻምበል ተነሡ፤ ለምንሽር ጌጥ አዘዙ። ከሰዓት ሠሪ አንድ፣ ከአንጥረኛ አንድ፣ ከኮርቻ ሰፊ አንድ መጣ። ሦስቱን በነጭ መሐረብ ላይ ደረደሩና አያ አጉሊን፣ ያን ትልቁን አጉሊ መነጽራቸውን፣ አንሥተው ያወዳድሩ ጀመር።

አያ አጉሊ መጀመሪያ ያየው ማነጣጠሪያውን ነው። የነሐስ ቱቦ ነው፤ ከክብሪት እንጨት ይወፍራል፣ ከክብሪት እንጨት ያጥራል።

«እዩኝ!» አለ ማነጣጠሪያ። «ፊቴ ያለው ብርጭቆ የምስር ክክ አያህልም። በእኔ በኩል ያየ ግን መስኮቱ ላይ ያለችውን ዝንብ እግር ይቆጥራል።»

አያ አጉሊ አየና፣ «እጁ ይባረክ! የሠራህ እጁ ይባረክ!» አለ።

ቀጥሎ ሳንጃን አየ።

«እኔ መርፌ ነበርኩ» አለች ሳንጃ። «አንጥረኛው ሰባት ቀን ሞረደኝ። ጎኔ ላይ የወረደውን ቦይ ተመልከት፤ ፀጉር ይገባበታል እንጂ ክር አይገባበትም።»

አየና፣ «እጁ ይባረክ! የሠራሽ እጁ ይባረክ!» አለ።

ሦስተኛው የቆዳ ማንገቻ ነበር። ዝም ብሎ ተጋድሟል።

«አንተስ?» አለችው ሳንጃ።

«እኔ ቁራጭ ቆዳ ነኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ምን አለ። ትከሻ ያለ እንደሆነ አሳዩኝ።»

«ትከሻ ይፈልጋል!» ብላ ሳቀች ሳንጃ። «ሰው ሹመት ይለምናል፣ ይሄ ሸክም ይለምናል!»

አያ አጉሊ ግን ጎንበስ ብሎ አየ። «ኧረ ቆዩ! በአንድ ጥፍር ርዝመት አሥራ ሁለት ስፌት! ዘለበቱስ ብትሉ፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል፣ ትከፈታለች ትዘጋለች። እጁ ይባረክ!»

ሻምበልም አዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያምራል። ግን ቆዳ ቆዳ ነው፤ ለእንግዳ የሚያብረቀርቅ ይሻላል» ብለው ወደ ዳር ገፋ አደረጉት።

ማነጣጠሪያውን አንሥተው ምንሽር ጀርባ ላይ ገጠሙት። ነሐሱ በፀሐይ ቦግ አለ። ምንሽር እንደ ሙሽራ ሆነች።

«ጎሹ፣ አማርኩ?»

«አማርሽ» አለ ጎሹ።

ሻምበል እጃቸውን ሳያነሡ ጎሹ ዘመመ፤ ዘመመና ዘፍ አለ።

«አንድ!» አሉ ሻምበል።

ማነጣጠሪያውን አውልቀው ሳንጃዋን ሰኩ። ምንሽር በግማሽ ረዘመች። ጫፏ እንደ ማለዳ ጤዛ ብልጭ አለ።

«ጎሹ፣ አማርኩ?»

«አማርሽ» አለ ጎሹ። ድምፁ ቀጠን አለ።

ዘመመ፤ ዘመመና ዘፍ አለ።

«ሁለት!» አሉ ሻምበል። ሚስታቸውን ተጣሩ። «ጥሩዬ፣ ይሄ ዘብ ሊያዋርደኝ ነው! አንድ ቀርቶታል።»

«እርስዎስ ስንት ቀርቶዎታል?» አሉ ወይዘሮ ጥሩዬ ከወዲያ ክፍል።

ሻምበል ግራ ተጋቡ። ማነጣጠሪያውን ያያሉ፤ ውብ ነው። ሳንጃዋን ያያሉ፤ ውብ ናት። ሁለቱንም ከማጣት ሁለቱንም ማድረግ ይሻላል ብለው ቆረጡ። ሳንጃዋ እንደተሰካች ማነጣጠሪያውን ጨመሩባት። በእንዲህ ያለ ጌጥ ያጌጠች ጠብመንጃ በዚያ መደርደሪያ ታይታ አታውቅም። ከኋላ የተሰለፉት ወታደሮች እንኳ «ወይ ጉድ!» ተባባሉ። ሻምበል በአንድ ጣታቸው የጎሹን ጀርባ ደግፈው፣ በሌላው እጅ አያ አጉሊን ይዘው ሥራቸውን ያደንቁ ጀመር። ጣታቸውን ሲያነሡ ሦስተኛው ይሆናል።

«ጎሹ፣ አማርኩ?» አለች ምንሽር።

 ከጎሹ እጅ ሥር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ምንድን ነው ያ?»

«ምንም።»

«የእጅህ አንጓ ነው?»

«ዘብ አያቃስትም።»

«ጎሹ! መቼ ነው የተሰነጠቀው?»

«ማነጣጠሪያው የመጣ ጊዜ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ?» አለ ጎሹ። «የጠየቅሽኝ አማርኩ ወይ ብለሽ ነው። አምረሻል። እኔ አልዋሸሁም።»

ምንሽር ያን ሰዓት ደነገጠች። ነሐሱም ብረቱም ለእሷ አልከበዳትም ነበር። ክብደቱ ሁሉ ሲወርድ ሲወርድ፣ በአንድ የጀሶ አንጓ ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል።

«አያ አጉሊ!» ብላ ጮኸች። «እኔን ማየትህን ተው! አንጓውን እይ!»

«አንቺ ልጅ፣ አልጠግብሽም እኮ» አለ አያ አጉሊ። «ዕድሜዬን ሙሉ ያማረ ነገር ሳይ ኖሬ እንዳንቺ ያለ አላየሁም።»

«እኔን ዓይን ያለው ሁሉ ያየኛል። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ግን ካንተ በቀር ማን ያያል?»

ይህ ነገር አያ አጉሊን ነካው። ሻምበል እጃቸው አልቦት ነበርና፣ ከጣታቸው መሀል ሙልጭ አለ፤ አንዲት ጋት ታህል ብቻ ወደ ታች ወረደ። ሻምበል በብርጭቆው ውስጥ ሲያዩ ምንሽር የለችም። ያለው አንጓ ነው። አንጓው ላይ ጥቁር መስመር አለ።

«ጥሩዬ! ነይ እስኪ!»

«ምነው፣ ጦሩ ፈታ?» እያሉ መጡ ወይዘሮ ጥሩዬ።

«እጁ ተሰንጥቋል! ተሰንጥቆ ነው የሚቆመው! እኔ ደግሞ ሰነፍ ነው ብዬ ላሰናብተው ነበር።»

ወይዘሮ ጥሩዬ ጎንበስ ብለው አዩ። «ምስኪን! ለመሆኑ ሻምበል፣ የሸለሙት ወታደሩን ነው ጠብመንጃውን?»

ወይዘሮ ጥሩዬ ዳር ወደ ተገፋው ማንገቻ ጠቆሙ።

«ያን ቆዳ ምን ሊያደርጉበት ገዙት? መሐረብ ሊያስሩበት?»

ሻምበል ማነጣጠሪያውን ቀስ ብለው አወለቁ። ሳንጃዋን ቀስ ብለው ነቀሉ። በክብሪት እንጨት ጫፍ አንዲት ጠብታ ሙጫ አንጓው ላይ አደረጉ። ከዚያ ማንገቻውን አነሡ፤ አንዱን ጫፍ ከምንሽር አንገት፣ አንዱን ከሰደፏ አያያዙ፤ ያችን የጤፍ ፍሬ የምታህል ዘለበት ዘጉና በጎሹ ትከሻ ላይ አነገቱት።

«እሰይ፣ ትከሻ!» አለ ማንገቻ።

ሻምበል እስትንፋሳቸውን ይዘው ጣታቸውን አነሡ። ጎሹ ዘመመ? አልዘመመም። ወደቀ? አልወደቀም።

እሑድ እንግዶቹ መጡ። ማነጣጠሪያው ለብቻው በነጭ ሳህን ላይ ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ በእሱ አጮልቆ ያላየ አልነበረም። ሳንጃዋን ያየ ሁሉ «መርፌ ነበረች? ወግድ!» እያለ ተደነቀባት። ሁለቱም ቅር አላላቸውም። ከጎሹ ፊት ሲደርሱ ግን አንዱ ሽማግሌ ጓድ ቆመ፤ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ይሄንስ አውቀዋለሁ» አለ። «እንዲህ አንግቶ ሌሊቱን የቆመ ሰው አውቃለሁ።»

ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ጌጥ አላወራም።

የጌጥ ውበት በሠሪው እጅ ይታወቃል፤ የጌጥ ልክ ግን በተሸካሚው አንጓ ነው። እኔ የሰማሁትን አወረድኩ፤ የቀለለው ይተወው፣ የከበደው ይያዘው።

እንግዶቹ ሄደው ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ምንሽር በማንገቻው ላይ የጤፍ ፍሬ ታህል ወደ ላይ ሳብ አለች። የጎሹ ጣቶች ከሰደፏ ተላቀቁ፤ ከተሠራ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁ ባዶውን አረፈ።